በቡጢ የማይመለስ ጥያቄ



በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ብዙ ወዳጅነት አፍርሷል። ይኸውም ስለ አገርና ስለ መሪዎች ጠብ ስንከራከር ሳናስበው ወደ ጉልበት ጉራ የምንዞርበት ልማድ ነው። መጀመሪያ «የእኔ መሪ ጀግና፣ ያንተው ፈሪ» እንላለን። ጥቂት ቆይቶም «አንተ ራስህ መቼ ሮጠህ፣ መቼ ታግለህ ታውቃለህ?» ወደ ማለት እንወርዳለን። ክርክሩ የተነሣበት ጥያቄ ግን ሳይመለስ ይቀራል።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከኳስ ጨዋታ በኋላ አምስት ጓደኛሞች በሜዳው ዳር ተቀምጠን ሻይ እንጠጣ ነበር። በሬዲዮ ስለ ሁለት መሪዎች መካሰስ ዜና ተነገረ። ወዲያው ለሁለት ተከፈልን። አንደኛው ጓደኛችን ግን «ሁለቱም ቢታገሡ ይሻላል፤ ጦርነት ለማንም አይበጅም» አለ። እኔ በዚያ ቀን ሁለት ግብ አግብቼ ስለ ነበር ደረቴን ነፍቼ፣ «አንተ ኳስ ሲመጣ ፊትህን የምታዞር ሰው ስለ ጦርነት ምን ታውቃለህ?» አልሁት። ሌሎቹ ሳቁ። እሱ ብርጭቆውን አስቀመጠና አንድ ቃል ሳይናገር ሄደ። ታላቅ ወንድሙ ወታደር እንደ ሆነ፣ ከጠረፍ ድምፁ ከጠፋም ሦስት ወር እንዳለፈው የሰማሁት በማግሥቱ ነው።

እንግዲህ ከእኛ ሁሉ ስለ ጦርነት የሚያውቀው እሱ ነበር። እኔ የማውቀው ግብ ማግባት ነው። ታዲያ የእኔ ሁለት ግብ ለሱ ሐሳብ እንዴት መልስ ሊሆን ቻለ? ይህን ስመረምር ከእኛ ብዙም በማይርቁ በሁለት የአፍሪካ አገሮች መካከል የሆነ አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። የእኔ ስሕተት በአገር መሪ ላይ ሲታይ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ ታሪክ እንማራለን። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩. የጠቡ መነሻ

ኡጋንዳና ታንዛኒያ የቪክቶሪያን ሐይቅ የሚካፈሉ ጎረቤታሞች ናቸው። በጥር ወር 1971 የኡጋንዳው ፕሬዚዳንት ሚልተን ኦቦቴ ለስብሰባ ወደ ሲንጋፖር ሄደው ሳሉ፣ የጦር አዛዡ ኢዲ አሚን በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣኑን ያዙ። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ይህን መንግሥት አንቀበልም ብለው ለኦቦቴ መጠለያ ሰጡ። ጠቡ የተጀመረው በዚህ ነው።

ሁለቱ መሪዎች በጠባይም፣ በኑሮም የሚመሳሰሉ አልነበሩም። አሚን በእንግሊዝ የቅኝ ግዛት ጦር ውስጥ ያደጉ፣ እጅግ ረጅምና ግዙፍ ሰው ነበሩ። ከ1951 እስከ 1960 በቀላል ከባድ ሚዛን የኡጋንዳ የቡጢ ሻምፒዮን ሆነው ቆይተዋል። ኔሬሬ ደግሞ ሰውነታቸው ቀጠን ያለ፣ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ መምህር ነበሩ፤ ሕዝባቸውም «ምዋሊሙ» ይላቸው ነበር። ትርጉሙም በስዋሂሊ «መምህር» ማለት ነው። የሼክስፒርን ሁለት ተውኔቶች ወደ ስዋሂሊ የተረጎሙ ሰው ናቸው።

በመስከረም 1972 የኦቦቴ ደጋፊዎች ከታንዛኒያ ተነሥተው ወደ ኡጋንዳ በመዝመት ሞክረው አልተሳካላቸውም። ስለዚህ ታንዛኒያም ከነቀፋ ነጻ አልነበረችም ማለት ይቻላል። በቀጣዩ ወር በሶማሊያ አስታራቂነት በሞቃዲሾ ስምምነት ተፈረመ። በስምምነቱ መሠረት ሁለቱም ጦራቸውን ከድንበር 10 ኪሎ ሜትር ያርቃሉ፤ ከዚህም በላይ በሬዲዮና በጋዜጣ እርስ በርስ መሰዳደባቸውን ያቆማሉ። ልብ በሉ፤ ስድብ በሰላም ውል ውስጥ ከጦር ሠራዊት ጋር ተቆጥሮ የተጻፈው ለዋዛ አይደለም። አንደበት ጠመንጃን እንደሚቀድም አስታራቂዎቹ ያውቁ ነበር። በ1973ም በአዲስ አበባ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሁለቱ መካከል ለማስታረቅ ደክመዋል። እርቁ ግን ሥር አልሰደደም።

፪. የቡጢው ጥሪ

በጥቅምት 1978 መጨረሻ የአሚን ጦር ድንበር ተሻግሮ ከካገራ ወንዝ በስተ ሰሜን ያለውን የታንዛኒያ መሬት ያዘ። ስፋቱ 1,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሚን ይህ መሬት ከእንግዲህ የኡጋንዳ ነው ብለው አወጁ። ሬዲዮናቸውም ወታደሮቹ መሬቱን በ25 ደቂቃ እንደ ያዙት ተናገረ። እንደ ሩጫ ውድድር ሰዓት ተቆጠረለት ማለት ነው።

በዚያ ሰሞን አሚን አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ወታደሮች በጦር ሜዳ ከሚያልቁ እኔና ኔሬሬ በቡጢ መድረክ ተገናኝተን ይለይልን፤ ዳኛውም መሐመድ ዓሊ ይሁን አሉ። ኔሬሬም ዕድል እንዲያገኙ አንድ እጄን ወደ ኋላ ታስሬ፣ እግሬም ክብደት ተጭኖበት እገጥማለሁ እንዳሉ ተዘግቧል። መሐመድ ዓሊ በመስከረም ወር የዓለምን የከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነት ለሦስተኛ ጊዜ ስላገኘ ስሙ በየቤቱ የሚጠራ ነበር። ነገሩ በብዙ አገር ጋዜጦች እንደ ቀልድ ታተመ፤ ሰዎችም ሳቁ።

የጉልበት ጉራን ከመንግሥት ጉዳይ ጋር ያደባለቁት አሚን ብቻ አይደሉም። በ1958 የቻይናው ማኦ የሶቪየቱን መሪ ክሩሽቼቭን በመዋኛ ገንዳ ተቀበሏቸው። ማኦ ጎበዝ ዋናተኛ ነበሩ፤ ክሩሽቼቭ ግን ዋና አይሆንላቸውምና በአየር የተሞላ ጎማ ይዘው ውኃ ውስጥ ገቡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት ፈረሰ፤ ዋናው የጠቀመው ነገር የለም። በእኛ ዘመንም የሩሲያው ፕሬዚዳንት ፑቲን የጁዶ ችሎታቸው ለረጅም ጊዜ ሲነገርላቸው ቆይቶ፣ በየካቲት 2022 ጦራቸው ዩክሬን ሲገባ የዓለም አቀፉ የጁዶ ፌዴሬሽን የክብር ፕሬዚዳንትነታቸውን አግዷል። ጊዜው ቢለወጥም ፈተናው አንድ ነው።

፫. «ሐሳቡ መልካም አልነበረምን?»

አንድ አስተዋይ ወጣት እዚህ ላይ እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፦ «በሺህ የሚቆጠር ወታደር ከሚሞት ሁለት ሰዎች ቢደባደቡ አይሻልምን? አሚን ቢያላግጡም የተናገሩት ነገር እኮ እውነት አለበት።» ይህ ጥያቄ በሳቅ የሚታለፍ አይደለምና እንመርምረው።

አንደኛ፤ ጨዋታውን የመረጠው ማን ነው? ለዘጠኝ ዓመት ያህል ሻምፒዮን የነበረ ሰው ሃምሳ ስድስት ዓመት የሆናቸውን መምህር ወደ ቡጢ መድረክ ጠራ። ኔሬሬም በተራቸው «ሼክስፒርን በተሻለ ስዋሂሊ የተረጎመ ካገራን ይውሰድ» ቢሉ ኖሮ አሚን እሺ ይሉ ነበርን? እያንዳንዱ የሚያሸንፍበትን ጨዋታ ከመረጠ ይህ ፍርድ አይባልም።

ሁለተኛ፤ የተያዘው ውርርድ የማን ነው? አሚን ጥሪውን ያቀረቡት ጦራቸውን ከድንበር መልሰው አይደለም። ወታደሮቻቸው በሰው መሬት ላይ ቆመው፣ ቤት እየተቃጠለ፣ ከብት እየተነዳ ነበር። የጎረቤቱን ቤት ሰብሮ የገባ ሰው በሩ ላይ ቆሞ «ና እንታገል፤ ያሸነፈ ቤቱን ይውሰድ» ቢል የባለቤቱን ንብረት በባለቤቱ ላይ ማስያዙ ነው። ቢሸነፍ የሚያጣው የራሱ የሆነ ነገር የለም።

ሦስተኛ፤ ቡጢ ምንን ይመሰክራል? ያሸነፈው ሰው ጠንካራ ክንድ እንዳለው ይመሰክራል። መሬቱ የማን እንደ ሆነ፣ ውሉን ያፈረሰው ማን እንደ ሆነ፣ የተበደለው ገበሬ ምን ካሣ እንደሚገባው አይናገርም። የጎልያድን ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ሰው ለአንድ ሰው እንግጠም ብሎ የጠራው በቁመቱ የተማመነው ነበር። እሱ ከወደቀ በኋላም ጦሩ ቃሉን ጠብቆ አልተገዛም፤ ሸሸ፣ ተሳደደ፣ ብዙ ሰውም ሞተ። ስለዚህ የሁለት ሰዎች ግጥሚያ የሌሎቹን ደም ያድናል የሚለው ተስፋ በዚያም ዘመን አልሠራም።

ኔሬሬ ለጥሪው መድረክ ላይ አልወጡም። ለሕዝባቸው ባደረጉት ንግግር ወራሪውን ለመምታት አቅሙም፣ ምክንያቱም፣ ፈቃዱም አለን አሉ። እዚህ ላይ «ምክንያት» የሚለውን ቃል እናስምርበት። በጉልበት ጉራ ውስጥ የማይገኘው ቃል እሱ ነውና።

፬. ዋጋውን የከፈለው ማነው?

«ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» የሚለው ተረት በስዋሂሊም በአማርኛም አለ። በካገራ 1,500 ያህል ሲቪሎች እንደ ተገደሉ ይገመታል፤ ብዙ ሺህ ሰዎች ቀያቸውን ጥለው ሸሹ። ታንዛኒያ ጦሯን አሳድጋ መሬቷን አስለቀቀች፤ በጥር 1979 ድንበር ተሻግራ ገባች፤ በሚያዝያ 1979ም ካምፓላን ያዘች። ሻምፒዮኑ ግን ከተማቸው ስትያዝ በመድረኩ ላይ አልተገኙም። ወደ ሊቢያ ሸሹ፤ በኋላም በሳዑዲ ዓረቢያ ተቀምጠው ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ በነሐሴ 2003 በጅዳ ሞቱ። በስምንት ዓመት አገዛዛቸው የተገደለው የኡጋንዳ ሕዝብ ከ80,000 እስከ 300,000 እንደሚደርስ ይገመታል። ከነዚህም አንዱ በየካቲት 1977 የተገደሉት ሊቀ ጳጳስ ጃናኒ ሉዉም ናቸው።

ለአሸናፊውም ድሉ በነጻ አልመጣም። ጦርነቱ ታንዛኒያን 500 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዳስወጣት ይነገራል፤ ድሀ አገር ስለ ነበረች ኢኮኖሚዋ ለብዙ ዓመት ተጎዳ።

አንድ እውነተኛ ስፖርተኛ የደረሰበትን ደግሞ እንመልከት። ጆን አኪ ቡዋ የተባለ የኡጋንዳ ፖሊስ በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ በ400 ሜትር መሰናክል ሩጫ በ47.82 ሰኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ አገኘ። ለአገሩ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነበር። መንግሥት አከበረው፤ በካምፓላ መንገድ በስሙ ተሰየመ። ዳሩ ግን እሱ የላንጎ ተወላጅ ነበር፤ ላንጎዎች የኦቦቴ ወገን ናችሁ ተብለው በአሚን ወታደሮች ይገደሉ ነበር። መንግሥቱ በአንድ እጁ ሜዳሊያውን እያሳየ ይመካበታል፤ በሌላው እጁ ዘመዶቹን ያጠፋል። ጦርነቱ በ1979 ሲደርስ ሻምፒዮኑ ወደ ኬንያ ሸሽቶ በስደተኞች ካምፕ ተቀመጠ።

እንግዲህ የአንድ አገር ሁለት ሻምፒዮኖች አየን። አንዱ ድሉን ለፉከራ አዋለው፤ ሌላው ሮጦ ያገኘውን ድል ሌሎች ፎከሩበት።

፭. ስፖርት በቦታው ሲሆን

ይህን ስል ስፖርት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በ1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር የእኛው ማሞ ወልዴ አንደኛ እንደ ወጣ እናውቃለን። በዚያው ውድድር ታላቁ አበበ ቢቂላ በሕመም ምክንያት አቋርጦ ወጥቷል። ማሞ ከገባ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ ጨለማ ሆኖ፣ ተመልካቹም አብዛኛው ሄዶ ሳለ አንድ ሯጭ እያነከሰ ወደ ስታዲየሙ ገባ። ጉልበቱ ቆስሎ በፋሻ ታስሯል። ጆን ስቲፈን አኩዋሪ ይባላል፤ የመጣውም ከታንዛኒያ ነው። ውድድሩን ከጨረሱት ሁሉ የመጨረሻው እሱ ነበር። ለምን እንዳላቋረጠ ሲጠየቅ አገሬ እዚህ ድረስ የላከችኝ እንድጀምር ሳይሆን እንድጨርስ ነው የሚል መልስ ሰጠ። ከዚያ ውድድር የአንደኛውንም የመጨረሻውንም ስም እስከ ዛሬ እናነሣለን። አኩዋሪ ማንንም አላሸነፈም፤ የገባውን ቃል ግን ፈጸመ።

ስፖርተኛን ከቦታው አውጥቶ የመንግሥት ክርክር ውስጥ ማስገባት ምን እንደሚመስልም ከዚያው ከመሐመድ ዓሊ እንማራለን። አሚን በቀልድ ዳኛ ያደረጉት ይህ ሰው በ1980 በእውነት ወደ ታንዛኒያ መጣ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካርተር የአፍሪካ አገሮች ከሞስኮ ኦሊምፒክ እንዲቀሩ ያግባባ ብለው ልከውት ነው። ኔሬሬ ግን ሊያነጋግሩት አልፈቀዱም። ጋዜጠኞችም ከአራት ዓመት በፊት የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሲቀሩ አሜሪካ ለምን አልተባበረችም ብለው ጠየቁት። እሱም ትክክል ላልሆነ ነገር መሣሪያ ሆኜ ይሆናል ብሎ በግልጥ ተናገረ። ታላቅነቱ በዚህ ንግግሩም ይታያል፤ የቡጢ ድሉ የማያውቀውን ጉዳይ እንዳላሳወቀው አምኗልና። ታንዛኒያ ወደ ሞስኮ ሄደች፤ በ5,000 ሜትር ሱሌይማን ኛምቡይ የእኛን ምሩጽ ይፍጠርን ተከትሎ ሁለተኛ ወጣ።

፮. ለእኛ የሚሆን ትምህርት

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። በመሪ ጉልበት የሚፎክር ሰው እንደዚሁ ነው። የመሪው ክንድ የኛ ክንድ አይደለም፤ ቢያሸንፍም ያሸነፍነው እኛ አይደለንም። የራሳችንን ሩጫና ግብ አንሥተን በፖለቲካ ክርክር ላይ ስንጨምረው ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን አጣብቀን ጓደኛችንን የምንመታበት ዱላ እናደርጋለንና። ስለሆነም ስንከራከር እነዚህን ሦስት ነገሮች ራሳችንን እንጠይቅ።

ሀ) የተናገርሁት ነገር ለተነሣው ጥያቄ መልስ ነውን? ጥያቄው «ማን በደለ?» ከሆነ «ማን ይበረታል?» መልሱ ሊሆን አይችልም።

ለ) ብሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? እኔ ካልሆንሁ ድምፄን ዝቅ ላድርግ። በጠረፍ ያለው የሰው ወንድም ነው፤ ከሜዳ ዳር ሆኖ በሱ ሕይወት መፎከር ቀላል ነው።

ሐ) የመረጥሁት የማሸንፍበትን ጨዋታ ብቻ አይደለምን? በእግር የሚበልጠኝን በቃል፣ በቃል የሚበልጠኝን በእግር ልግጠም ካልሁ እውነትን ሳይሆን ጭብጨባን ፈልጌያለሁ ማለት ነው።

ለማጠቃለል ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ሜዳ አልመጣም። ሁለት ሳምንት ያህል «እሱ ይምጣ» እያልሁ ቆየሁ፤ እንዲህ ያሰኘኝም ያው ጉራ ነበር። በመጨረሻ ቤቱ ሄድሁ። እናቱ ቡና እያፈሉ ነበርና «ግባ ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉኝ። ሳቅ ለማግኘት ብዬ እንዳዋረድሁት ነገርሁትና ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያም ያን ቀን ልጠይቀው ይገባኝ የነበረውን ጠየቅሁት፦ «ወንድምህ እንዴት ነው?» አልሁት። ስለ ወንድሙ እስከ ምሽት ድረስ አወራልኝ። ከሁለቱ መሪዎች የትኛው ልክ እንደ ሆነ ያን ቀን አላነሣንም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን አብረን ወደ ሜዳ ወረድን፤ እኔም ከሱ የተሻልሁ ተጫዋች መሆኔ ምንም ማለት እንዳልሆነ እያወቅሁ ተጫወትሁ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሞቃዲሾ ስምምነት ጦርን ከማራቅ ጋር ስድብን ማቆም ለምን ተጨመረ?
2. የአሚን የቡጢ ጥሪ ፍትሐዊ ያልሆነባቸውን ሦስት ምክንያቶች በራሳችሁ አነጋገር ግለጡ። የምትጨምሩት አለን?
3. አኪ ቡዋና አኩዋሪ ለአገራቸው ያደረጉት ምንድን ነው? አገራቸውስ ለነሱ ምን አደረገች?
4. በክርክር ላይ ያስቀየማችሁት ሰው ካለ በዚህ ሳምንት ምን ልትጠይቁት ትችላላችሁ?